የግንዱ ክብደት የማን ነው?

ክሪክን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ጎማ በፈነዳ ቁጥር ከመኪናው ኋላ ተጎትቶ ይወጣል፤ ሾፌሩ ከመኪናው ሆድ ሥር ሰክቶ እጀታውን ያዞራል፤ ቶን የሚያህለው ብረት እንደ ታዛዥ ግመል ብድግ ይላል። ጎማው ተቀይሮ ሲያበቃ ክሪኩ ወደ ጨለማ ጎሬው ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ፍንዳታም የሚያስታውሰው የለም። ስሙም እንደ ብዙዎቹ የጋራዥ ቃላት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጣሊያንም ፈረንሳይም ዕቃውን ‹‹ክሪክ›› ይሉታል።

ነገር ግን ክሪክ የአውቶሞቢል ልጅ አይደለም። አውቶሞቢል ከመፈጠሩ አራት መቶ ዓመት ግድም አስቀድሞ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻ ደብተሮቹ ላይ ስሎታል። ያን ጊዜ ሥራው ከድንጋይና ከግንድ ጋር ነበር። እኔም ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጎማ መቀየሪያውን ሳይሆን አያቱን፣ ማለትም ሠራተኞች በእጃቸው እያዞሩ ታላላቅ ግንዶችን ጋሪ ላይ ይጭኑበት የነበረውን ክሪክ ነው። ነገሩ ስለ መሣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመካኒኮች መተው ይሻል ነበር። እኔን የያዘኝ ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ነው፦ የሰውን ወገብ ከሸክም የሚያሳርፍ ነገር ሁሉ ያለ ጥርጥር መልካም ነውን? ወይስ ሸክሙ እኛ ሳናውቀው የሚሠራልን ሌላ ሥራ ነበረው?

ይህንን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ከማንከባለል አንድ ቦታ ላይ ብንተክለው ይሻላል። ቦታው ኒው ዚላንድ ነው። በዚያች አገር በሰሜናዊው ደሴት ላይኛ ጫፍ ካውሪ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። እንደ እኛ ዝግባ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነው፤ ግን የዝግባዎች ንጉሥ በሉት። ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ድረስ እንደ ቤተ መንግሥት ዓምድ ያለ ጉጥ ይወጣል። እስከ ዛሬ የቆመው ታኔ ማሁታ የተባለው ዛፍ የግንዱ ዙሪያ 14 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ስምንት ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢያቅፉት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከብ ምሰሶ ተመኘው። ከዚያ በኋላ ቤት ሠሪው፣ ጀልባ ሠሪው፣ ወለል አንጣፊው ሁሉ ተከታትሎ መጣ።

ካውሪን መጣል ሌላ፣ የወደቀውን ማንሣት ሌላ። ሁለት ሜትር ውፍረትና አራት ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጉማጅ ከአሥራ ሁለት ሜትር ኩብ በላይ ነው። ደረቅ ቢሆን እንኳ ክብደቱ ከስድስት ቶን አያንስም፤ እርጥቡ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። የወደቀውም አስፋልት ዳር ሳይሆን በሬ እንኳ እግሩን በማያቆምበት ገደል ውስጥ ነው።

ክሪኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አካሉ ከእንጨት ወይም ከብረት ይሠራል፤ በውስጡ አንድ ጥርሳም የብረት ዘንግ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘንጉን ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ይነዱታል፤ መዘውሮቹን ደግሞ ከጎን የተገጠመው እጀታ ያሽከረክራቸዋል። ሲጭኑ ጋሪው ከግንዱ ጎን ይቆማል። ከመሬት ወደ ጋሪው ወለል ሁለት ጠንካራ አጣናዎች ይጋደማሉ። ሁለት ሰዎች በግንዱ ግራና ቀኝ ጫፍ ክሪካቸውን ተክለው እኩል ያዞራሉ። ግንዱ ጥቂት ጣት ያህል ይንከባለላል፤ ሌላው ሰው ወዲያው ሽብልቅ ከሥሩ ይወሽቃል፤ ክሪኩ ይነቀልና ተጠግቶ እንደገና ይተከላል። ደግሞ ይዞራል፣ ደግሞ ይወሸቃል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ትሬንታም ከተባለች ትንሽ ከተማ፣ የትሬዌላ ወንድማማቾች እየሠሩ ያወጡት የነበረው ክሪክ በዚህ ሥራ በሁለቱም አገር ደኖች ስሙ የታወቀ ነበር።

ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ግን ቀላል ስለሆነ ብቻ አንለፈው። ክሪኩ ኃይልን ስልሳ እጥፍ የሚያበዛ ነው እንበል። ሰውየው በሃያ አምስት ኪሎ ግፊት አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ያነሣል ማለት ነው። ነገር ግን ግንዱ አሥር ሣንቲ ሜትር ከፍ እንዲል የሰውየው እጅ ስድስት ሜትር መጓዝ አለበት። ሰበቃውን ስንጨምርበት ድካሙ ከዚህም ይብሳል። ክሪኩ እንግዲህ ጉልበት አልፈጠረም። ከሰውየው ጊዜና ትዕግሥት ተቀብሎ በምትኩ ኃይል መነዘረለት። እንዲህ ያለ ታማኝ መንዛሪ ገበያ መሐል አይገኝም።

በእኔ እምነት ግን የክሪኩ ትልቁ ስጦታ ይህ አይደለም። ከጥርሳሙ መዘውር ላይ ተጋድማ ቀጭ ቀጭ የምትል አንዲት ትንሽ ብረት አለች፤ ምላስ እንበላት። መዘውሩ ወደ ፊት ሲዞር ታሳልፈዋለች፤ ወደ ኋላ ሊል ሲሞክር ትነክሰዋለች። በክንዱ ወይም በድጅኖ የሚያነሣ ሰው መሐል መንገድ ላይ ማረፍ አይችልም፤ እጁን የለቀቀ ዕለት የለፋበት ሁሉ ተመልሶ በራሱ ላይ ይወርዳል። ክሪክ የያዘው ግን ቆም ብሎ ላቡን ይጠርጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከጓደኛው ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣል። ያነሣት ጣት ያህል ከፍታ ባለችበት ትጠብቀዋለች። ሥራን ከግዞት ከሚለዩት ነገሮች አንዱ መሐል ላይ ማረፍ መቻል አይደለምን? በእርግጥ ምላሷ ያረጀች ወይም በደንብ ያልነከሰች እንደሆነ እጀታው በግንዱ ክብደት ተመልሶ ይሽከረከርና መንጋጋ ይሰብራል። ምሕረቷ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረት ነው።

ከዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንድ አዛውንት አሉ። የጥንት ቻይናዊ ናቸው፤ በፈላስፋው በጁዋንግዚ ስም በሚታወቀው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። እኒህ ሰው ማሰሮ ይዘው ጉድጓድ ውስጥ እየወረዱ፣ ውሃ ይዘው እየወጡ አትክልት ሲያጠጡ የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር ያያቸዋል። አዝኖላቸውም ብዙ መደብ በአንድ ቀን የሚያጠጣ፣ ከኋላው የከበደ፣ ከፊቱ የቀለለ የውሃ ማንሻ እንጨት መኖሩን ይነግራቸዋል። አዛውንቱ በመጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ቀጥለው ይስቃሉ። መሣሪያውን ስለማያውቁት ሳይሆን ስለሚያፍሩበት መተዋቸውን ይገልጹለታል፤ በብልሃት መሣሪያ የሚሠራ ሰው ልቡም እንደ መሣሪያው ብልጣ ብልጥ ይሆናል ባይ ናቸው።

ተረቱ ደስ ይላል፤ በተለይ ውሃ ከቧንቧ ለሚቀዳ አንባቢ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ማሰሮውን የመረጡት አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። ወገቡም የእሳቸው፣ አትክልቱም የእሳቸው ነው። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የወረዱት ሴቶች ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልቀረበላቸውም። ሸክማቸው ከራሳቸው ክብደት ሊስተካከል ጥቂት የሚቀረው ነበር። የተሸከሙት ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ የትሬዌላዎቹን ክሪክ ያወጣችው አገር ዛፍ ማለት ነው። ዛፉ መጣ፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ክሪክም ጋሪም አልመጣላቸውም። ድካም ልብን ያነጻል የሚል ፈላስፋ ካለ አንዲቱን እስር ተሸክሞ እስከ ሽሮ ሜዳ ይውረድና ከዚያ በኋላ እንነጋገር። የሰው ወገብ ይረፍ፤ በዚህ በኩል እኔ ጥርጥር የለኝም።

ታዲያ ጥያቄው ተመለሰ? አልተመለሰም። እስካሁን የተናገርነው ስለ ተሸካሚው ነው፤ ክብደቱ ግን የግንዱም ነው። ወደ ኒው ዚላንድ እንመለስ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ማኦሪዎች ራታ ስለሚባል ጀግና የሚተርኩት ታሪክ አለ። ራታ የአባቱን ደም ለመመለስ ታንኳ ያስፈልገው ነበርና ጫካ ገብቶ አንድ ታላቅ ዛፍ ቆርጦ ጣለ። በማግሥቱ ሲመጣ ዛፉ እንደ ቀድሞው ቆሟል። ደግሞ ጣለው፤ ደግሞ ቆሞ አገኘው። በመጨረሻ ተደብቆ ቢጠብቅ የጫካው ወፎች፣ ነፍሳትና መናፍስት ተሰብስበው ፍልጡን ከፍልጡ፣ ስንጥሩን ከስንጥሩ እየገጠሙ ዛፉን ሲያቆሙት አየ። ዘሎ ወጥቶ ቢጠይቃቸው የደኑን አምላክ ታኔን ሳያስፈቅድ መቁረጡን ነግረው ገሠጹት። ራታ አፈረ። ያን ጊዜ ታንኳውን ራሳቸው ሠሩለት።

እንግዲህ ደኑ ራታን ዛፍ አትንካ አላለውም። የጠየቀው ለምን ሳትጠይቅ ነካህ ብሎ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ከክብደት ጋር አያይዤ ነው የማነብበው። አንድን ግንድ ከጫካ ማውጣት የመንደሩን ጎልማሳ ሁሉ ለቀናት የሚያስለፋ ሲሆን ጉዳዩ ሳይነሣ አያልፍም። ማን ነው የሚፈልገው? ለምን? ከዚህኛው ያነሰ አይበቃውም ወይ? የሚጎትቱት ሰዎች ምን ይበላሉ? ክብደቱ ራሱ ሸንጎ ይጠራል። ጥቂት ሰዎችና ሁለት ክሪክ ሲበቁ ግን ሸንጎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ክሪኩ ከወገብ ላይ ሸክሙን ሲያነሣ ከግንዱ ላይ ደግሞ ዘበኛውን አነሣ።

አንባቢ አይታዘበኝ፤ ማኦሪዎቹን መላእክት ማድረጌ አይደለም። እነርሱም አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ደን በእሳት አጥፍተዋል። ክሪኩንም ብቻውን ከሳሽ ፊት ማቆም ግፍ ነው። መጋዙ አለ፤ በሬው አለ፤ ወንዝ ገድበው ውሃውን በአንድ ጊዜ እየለቀቁ ግንዱን በጎርፍ የሚነዱበት የእንጨት ግድብ አለ፤ ኋላም የእንፋሎት ሞተሩ አለ፤ ለእርሻ መሬት ተብሎ የተለቀቀውም እሳት አለ። ሁሉም ተባብረው፣ ሰው ደሴቲቱን ከመርገጡ በፊት ካውሪ ይበቅልበት ነበር ከሚባለው 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ውስጥ ዛሬ ያልተነካ የጎለመሰ ደን ሆኖ የቀረው 7,500 ሄክታር ግድም ነው። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው? እጀታውን ያዞረው ሰው? እርሱን መኮነን ይከብደኛል። ያ ሰው ጭቃና ዝናብ ውስጥ የሚኖር የቀን ደመወዝተኛ ነበር። ለእርሱ ክሪኩ ምሕረት ነው፤ ጣቱን ከመጨፍለቅ፣ ወገቡን ከመሰበር የሚያድነው። ደግሞም ከፊቱ ያለው አንድ ግንድ እንጂ ደን አይደለም፤ በአንድ ግንድ ላይ የደን መጨረሻ አይታይም። ሲድኒ ወይም ለንደን ቁጭ ብሎ ጣውላ የሚያዝዘው ነጋዴስ? እርሱ ክብደቱን የሚያውቀው በዋጋ ብቻ ነው። ግንዱ የገደሉ ሥር በነበረ ጊዜ ስንት ሰው እንዳስጨነቀ ደረሰኙ ላይ አልተጻፈም። ክሪክ ባልነበረበት ዘመን የዛፍ ፈላጊውና የሸክሙ ባለቤት አንድ መንደር ነበሩ፤ አሁን ፈላጊው ወዲያ ማዶ፣ አዟሪው ወዲህ ማዶ ሆኑ። ክብደቱን የሚያውቀው ሰው የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ የሚወስነው ደግሞ ክብደቱን አያውቅም። እኔ ጥፋቱን የማየው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ከአዛውንቱ ቻይናዊ ጋር የምለያየውም እዚህ ላይ ነው። የተበላሸው የአዟሪው ልብ አይደለምና።

ክብደቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ በመጨረሻ ሰዎች በአቤቱታና በክርክር መሥራት ግድ ሆነባቸው። በኦክላንድ የሥነ እንስሳት መምህር የነበሩት ዊልያም ማክግሬገር ከሌሎች ተቆርቋሪዎች ጋር ሆነው የዋይፖዋ ደን እንዳይቆረጥ ለዓመታት ተሟገቱ። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ከ9,000 ሄክታር በላይ የሚሆን ደን ተከለለ። ሙግት ቀርፋፋ ነው፣ ያሰለቻል፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ግን ሸንጎ ማለት ይኸው ነው። ዘገየ እንጂ ተቀመጠ። ክሪኮቹ ደግሞ ከሌሎቹ የጫካ መሣሪያዎች ጋር ማታኮሄ በምትባል መንደር፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የካውሪ ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ቀርበዋል።

በዋይፖዋ ደን ውስጥ ታኔ ማሁታን ለማየት የሚሄድ ጎብኚ ዛሬ በመግቢያው ላይ ቆሞ ጫማውን በብሩሽ ይፈትጋል፣ ሶሉን በመድኃኒት ያርሳል፤ ከዚያም ሥሮቹን እንዳይረግጥ ከፍ ተደርጎ በተሠራ የእንጨት መንገድ ላይ ይሄዳል። የካውሪ ሥሮች ከአፈሩ ገጽ ብዙም አይርቁም፤ እነርሱን የሚያበሰብስ ደዌ ደግሞ በጭቃ ይተላለፋል። የመርፌ ራስ የምታህል፣ ማንም ሰው እግሩ ላይ የማትከብደው አፈር ለዛፉ ትበቃዋለች።