ሕመምተኛው የማያነበው ስም

ሰው በገዛ ሥጋው ውስጥ ስላለው ነገር የተጻፈውን ቃል ሳያውቅ ቢታከምና ቢድን የተጐዳው ነገር አለን? ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ባለጉዳይ የማይገባውን ጽሑፍ ሲፈርም ዕለት ዕለት የምናይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነንና እኛንም ይነካናል።

ከጌዶ ወይም ከጊንጪ ለሕክምና ወደ አምቦ የሚመጣ አንድ ገበሬ እናስብ። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልቡ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ ይነሣል። በሌላው ወረቀት ላይ ደግሞ ትሮፖኒን፣ ክሬያቲኒን፣ ኮሌስትሮል የሚባሉ ስሞች በባዕድ ፊደል ከነቍጥራቸው ተጽፈዋል። ገበሬው ሁለቱን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይሸሽጋቸዋል። በቀድሞው ዘመን ክታብ በአንገት ይንጠለጠል የነበረው በዚሁ ጥንቃቄ ነበር። በክታቡ ላይ ደብተራው የጻፋቸው አስማት ለባለቤቱ አይተረጐሙም፤ ኀይላቸው ከመሰወራቸው የመጣ ነውና ቢተረጐሙ በረከሱ ነበር።

የልብ ወረቀት ግን እንደ ክታብ ሊያዝ አይገባውም፤ የሚሰውረው ነገር የለውምና። የሆላንዱ ሊቅ ዊለም አይንትሆቨን (የ1924 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ) የልብን ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ ሰየማቸው። እነዚህ ፊደሎች ትርጕም የላቸውም፤ ተራ ብቻ ያመለክታሉ። ፒ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች፣ ኪው አር ኤስ የታችኞቹ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀሱ፣ ቲ ደግሞ የታችኞቹ ወደ ዕረፍት ሲመለሱ የሚነሡ ናቸው። ከኤስ እስከ ቲ ያለው መስመር ከቦታው ከፍ ያለ እንደ ሆነ የልብ ጡንቻ ደም እንደ ተቋረጠበት ሊያመለክት ይችላል። ይህን ሁሉ ለመናገር ጥቂት ዐረፍተ ነገር በቃ፤ እንግዲህ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም።

የንጥረ ነገሮቹም ስሞች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ፕሮቲን የሚለውን ስም በ1838 ዓ. ም. በርዜሊዩስ «ቀዳሚ» ከሚል የግሪክ ቃል አውጥቶ ለሙልደር አቀረበለት። ኮሌስትሮል በግሪክኛ ከሐሞትና ከጠጣር፣ ኢንሱሊን በላቲን ከደሴት የተገኙ ናቸው፤ ኢንሱሊንን የሚያመነጩት ሕዋሳት በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው ይገኛሉና። የእኛም አገር ከዚህ መዝገብ አልጠፋችም። ከኮሶ የተገኘ አንድ ውሑድ ኮሶቶክሲን ይባላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ. ም. ዐድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነውና ምርምራቸውን ከዚያ ጀመሩ። ከእንዶድም የተለየው ሳፖኒን በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በአምቦ ወንዝ ዳር ጋቢዋን በእንዶድ ያጠበች እናት ነገሩን በእጅዋ ይዛ ስሙን አታውቅም፤ ገበሬያችን ደግሞ ስሙን በኪሱ ይዞ ነገሩን አያውቅም።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉን በአማርኛ መሰየም ነውን? አይመስለኝም። «ደም ብዛት» የሚለውን እንመልከት። ቃሉ የራሳችን ነው፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። ሆኖም በሽታው የደም መብዛት ሳይሆን ደም በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት መበርታት ነው። «ደሜ በዝቷልና ደም ማነስ አይነካኝም» ብሎ የሚያስብ ሰው የተታለለው በገዛ ቋንቋው ነው። ባዕድ ቃል ቢያንስ አለማወቃችንን አይሸፍንልንም። ከዚህም ሌላ በአምቦ፣ በጉደርና በባኮ የአብዛኛው ሕዝብ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ ልቡን «ኦኔ» ይላል። ከግእዝ ተቀምሮ የሚመጣ አዲስ ቃል ለእርሱ ሌላ ክታብ ነው። ስለዚህ ትሮፖኒን ትሮፖኒን ተብሎ ይቅር፤ የልብ ጡንቻ ሲጐዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን መሆኑ ግን በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከርኅራኄ የሚነሣው ነው። ሐኪሙ ክፉ ወሬ ሲያገኝ ስሙን በባዕድ ቋንቋ ጽፎ ዝም ይላል፤ ዘመድም «አደራ፣ እንዳትነግሩት» ብሎ ይለምናል። ይህ ከልማዳችን የራቀ አይደለም፤ መርዶም በድንገት አይነገርም። ወዳጅና ጎረቤት እስኪሰበሰብ ይዘገያል፤ ሊነጋጋ ሲልም ይነገራል። ነገር ግን መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ የሚናገረውም ሽማግሌ አድማጩ የሚያውቀውን ቃል ይመርጣል። ሕመምተኛውም ከመርዶ ተቀባይ የሚበልጥ ጉዳይ አለው፤ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው ሞት ሳይሆን ስለ ራሱ ቀሪ ዘመን ነውና። በሚመጣው ክረምት ማሳውን ራሱ ያርስ ወይስ ለእኩል ይስጥ፣ ዕዳውን አሁን ይክፈል ወይስ ያቈይ፣ የልጁን ሠርግ ለጥር ያድርገው ወይስ ለሚያዝያ፤ ይህን የሚቈርጠው እርሱ ነው። ስሙን የደበቁበት ሰዎች ግን ሳያማክሩት ቈርጠውለታል፤ ምናልባትም እንደ ቈረጡለት እንኳ አላስተዋሉም።