የማን ልጆች ነን?



በከሚሴ ገበያ እንግዳ ሰው ሲገኝ ከስሙ ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በጨፋ ሸለቆ የዚህ ጥያቄ መልስ ቀላል አይደለም። በደግ ቀን ዘመድ ያገናኛል፤ ቡና ያስፈላል። በክፉ ቀን ግን ያው መልስ ሰውን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄውን በእምነት ብርሃን እንመልከተው። ለዚህም የሚረዳንን ምሳሌ በአክሱም ድንጋይ ላይ ተቀርጾ እናገኘዋለን።

በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ዒዛና በቤጃዎች ላይ ያገኘውን ድል በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ቋንቋ አስቀርጾአል። በግእዙ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪኩ ግን በማሕረም ፈንታ አሬስ ተብሎ ተጽፎአል። አሬስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የጦርነት አምላክ ነው። ንጉሡም ለዚሁ አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎችን አቆመለት። በአዱሊስ ወደብም አንድ የአክሱም ንጉሥ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን በግሪክ ቋንቋ አስጽፎ ነበር፤ ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦ አቆይቶልናል። ዜውስ የአማልክት አለቃ ሲሆን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ድያ የተባለው እርሱ ነው፤ ፖሲዶን ደግሞ የባሕር አምላክ ነው። በዚያ ዘመን ግሪክኛ የቀይ ባሕር የንግድ ቋንቋ ስለ ነበረ፣ አባቶቻችን የራሳቸውን አማልክት ነጋዴው ሁሉ በሚያውቀው ስም ይጠሩአቸው ነበር።

ለመሆኑ ንጉሡ የተመካበት አሬስ ማን ነበር? ባለቅኔው ሆሜር በኢልያድ እንደሚተርከው፣ ሁለት ግዙፋን ወንድማማቾች አሬስን አስረው በነሐስ ጋን ውስጥ 13 ወር ዘግተውበታል። በትሮይ ጦርነትም ዲዮሜዴስ የተባለ ሟች ሰው በአቴና ረዳትነት ሆዱን በጦር ወጋው፤ እርሱም እንደ ብዙ ሺህ ወታደር ጮኾ ወደ አባቱ ወደ ዜውስ ሸሸ። አባቱም አላባበለውም፤ ጠብና ጦርነት ብቻ ስለምትወድ ከአማልክት ሁሉ ይልቅ የምጠላው አንተን ነው ብሎ ገሠጸው። እንግዲህ በድንጋይ ላይ «የማይሸነፍ» የተባለው አምላክ በራሱ አገር ተረት የታሰረ፣ የቆሰለና በአባቱ የተጠላ ነበር። በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ የቃሉ ዘር በአሕዛብ ጠቢባን ዘንድም እንደ ተዘራ አስተምሮአል። እነዚያም ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል ሳይሰሙ፣ ጦርነት የሚመለክ ሳይሆን የሚያስነውር መሆኑን በተረታቸው ውስጥ ሳይታወቃቸው መስክረዋል።

ወደ ዒዛና እንመለስ። ቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ሾሞ የላከው ፍሬምናጦስ ወንጌልን በአክሱም ሰበከ። ሕዝባችን ይህን ሐዋርያ አባ ሰላማ ብሎ ጠራው። የጦርነት አምላክ ልጅ የነበረው ንጉሥ በሰላም አባት እጅ ወደ ክርስትና ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በተቀረጸው የግሪክ ጽሑፍ አሬስ የለም፤ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ይጠራሉ፤ ንጉሡም ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። በገንዘቡም ላይ ፀሐይና ጨረቃ በነበሩበት ቦታ መስቀል ተተካ። በግእዙም ጽሑፍ የማሕረም ልጅነት ቀርቶ የእለ አሚዳ ልጅ ተብሎ የሰው ልጅ ሆኖ ተገኘ። የአምላክን ልጅነት በትዕቢት ሲተው፣ በጸጋ የሚገኘው እውነተኛ ልጅነት በር ተከፈተለት።

ነገር ግን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እውነቱን አንሸፍን። ይኸው በሰማይ ጌታ ስም የተጻፈው ድንጋይ በኖባ ሰዎች ላይ የተደረገውን ዘመቻም ይተርካል፤ ከተሞች እንደ ተቃጠሉ፣ እህል እንደ ተዘረፈ፣ ሰዎች እንደ ተገደሉና እንደ ተማረኩ ያወሳል። መጨረሻው ላይ ግን ንጉሡ በጽድቅና በፍትሕ ሊገዛ፣ ሕዝብን ላይበድል ቃል ይገባል። የአሬስ ስም ከድንጋዩ ተፍቆአል፤ የአሬስ ሥራ ግን ከልብ ፈጥኖ አልተፋቀም። ስም በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ልብ ግን ዕድሜ ልክ ንስሐ ይጠይቃል።

ይህ የዒዛና ብቻ ታሪክ ነውን? በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ደም ፈሰሰ፤ ቤት ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ከሚሴ ደረሰ። በእነዚያ ወራት «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ያስፈራ ነበር። የተጠመቀም፣ የሚጾምም፣ የሚሰግድም ሰው «እኔ የእገሌ ልጅ» እያለ ሲፎክር፣ በልቡ የሚመካው በማን ነው? ሐውልት አናቆምለትም፤ አሬስ ብለንም አንጠራውም። ነገር ግን የወንድሙን ቤት መቃጠል በደስታ የሚያወራ፣ በቀልን ለልጁ እንደ ርስት የሚያወርስ ሰው ሁሉ የዚያን የጥንቱን ጣዖት መሥዋዕት እያቀረበ ነው። መሥዋዕቱም የሰው ልጅ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና የተናገረበት አርዮስፋጎስ የአሬስ ኮረብታ ተብሎ ይተረጐማል (ሐዋ. 17፣22-31)። በጦርነት አምላክ ስም በተጠራው ስፍራ ቆሞ፣ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ አስተማረ፤ የአሕዛብን ባለቅኔዎች ምስክር ጠርቶም ሁላችን የእርሱ ዘመዶች መሆናችንን ገለጠ። ስለዚህ በቦርከና ዳር ከብቱን የሚያሰማራው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ በበጋ ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ የሚወርደው አፋርም የአንዱ ፈጣሪ ፍጥረቶች ናቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ያለፈውን ጠብ ትተው ለፍትሕና ለሰላም አብረው እንዲሠሩ አሳስቦአል። እኛ በጥምቀት የልጅነትን ጸጋ የተቀበልን ደግሞ የበለጠ ዕዳ አለብን፤ ጌታችን የእግዚአብሔር ልጆች እንደሚባሉ የነገረን ስለ ሰላም የሚደክሙትን ነውና (ማቴ. 5፣9)።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ሕፃናትን «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት ስታስተምሩ በመጀመሪያው ቃል ላይ ጥቂት ቆዩ። «አባቴ» ሳይሆን «አባታችን» እንደምንል፣ በዚያም ቃል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ ጠይቁአቸው። እናንተም ወላጆች፣ በቡና ጊዜ በልጆች ፊት ስለ ጎረቤት የምትናገሩትን መርምሩ፤ ልጅ የአባቱን አምላክ የሚያውቀው ከጸሎቱ ይልቅ ከወሬው ነው። በግጭቱ ወራት ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፣ ታሪኩን ለልጆች ንገሩ። ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ የሚጠቅመን ይህ መታሰቢያ ነው።

ነገ በገበያ «የማን ልጅ ነህ?» ስንባል የአባታችንን ስም በክብር እንንገር፤ ወላጅን ማክበር ትእዛዝ ነውና። በልባችን ግን ከሁሉ በፊት የሰማዩን አባት እናስብ፤ ጠያቂውም የእርሱ መሆኑን አንርሳ። የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የአሬስን ስም ከድንጋያችን እንደ ፋቀ፣ ሥራውንም ከልባችን ይፋቅልን። አሜን።