ተማሪን ማመስገን፤ ማበረታቻ ወይስ ምስክርነት?

መምህር ተማሪውን ሲያመሰግን ምን እያደረገ ነው? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ልጁ ጥያቄውን መለሰ፤ መምህሩ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት» አለ፤ ክፍሉም አጨበጨበ፤ ልጁም ደስ ብሎት ተቀመጠ። ሆኖም በዚህች አጭር ድርጊት ውስጥ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም ምስጋናችን ለልጁ የምንሰጠው እውነተኛ ቃል ነው ወይስ ልጁን ወደምንፈልገው የምንነዳበት መሣሪያ? የሚል ነው።

በእኛ ዘንድ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው፣ ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያኮራዋል፣ ያበላሸዋልም በማለት ዝም ማለት ነው። ይህ ዝምታ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱን የፈሩት በምክንያት ነው። ነገር ግን ስሕተቱ በታየ ጊዜ ወዲያው የሚገሠጽ፣ በጎ ሥራው ግን ማንም እንዳላየው የሚታለፍ ልጅ ከትሕትና ይልቅ ተስፋ መቁረጥን ይማራል። ሁለተኛው ልማድ ለእያንዳንዱ መልስ ማስጨብጨብ ነው። ልጆች ግን ሞኞች አይደሉም፤ ላጠናውም ላላጠናውም እኩል የሚበተን ሙገሳ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከእኛ ፈጥነው ያውቃሉ።

በቱሪን ከተማ ድሆች ወጣቶችን ያስተማረው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (1815–1888 እ.ኤ.አ.) ስለ አስተዳደግ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ መልካም ሲሠራ መመስገን፣ ቸል ሲባል መወቀስ ለወጣቱ በራሱ ትልቅ ሽልማት ወይም ቅጣት መሆኑን አመልክቷል። ይህ የሚሆነው ግን መምህሩ በልጆቹ መካከል ውሎ የሚያድር፣ በስምና በጠባይ የሚያውቃቸው ሲሆን ነው። ከማያውቀን ሰው የሚመጣ ሙገሳማ ለእኛ ለአዋቂዎችስ ምን ይጠቅመናል?

ቃሉ ራሱም ምርጫ ይጠይቃል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የሚገኙ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄዎችን ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ ስለ ትጋታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎም ሁሉም እጅግ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ወደቁ። ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከቀድሞው ያነሰ፣ በትጋታቸው የተመሰገኑት ግን የተሻለ ውጤት አገኙ። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሌላው ነገር ነው። ውጤታቸውን ለማያውቋቸው ልጆች እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ በብልህነታቸው ከተመሰገኑት መካከል ከሦስት አንድ የሚበልጡት ውጤታቸውን ዋሹ። «ብልህ» የተባለ ልጅ ያን ስም እንዳያጣ ይጨነቃል፤ ለማቆየትም እውነትን ይሸጣል። በመልካም አሳብ የተነገረ ቃል ልጁን ወደ ሐሰት ከመራው፣ ጉዳዩ የማስተማር ዘዴ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል። «ጎበዝ» ሰውየውን ይሰይማል፤ (የጎበዝ አለቃ የሚለውን የሚያስታውስ አንባቢ ቃሉ መጀመሪያ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የጦር ሜዳ እንደ ነበረ ይገነዘባል)። «በርታ»፣ «በርቺ» ግን የጀመሩትን እንዲቀጥሉ ያሳስባል። ይህን ስንል ግን «ጎበዝ» የሚለው ይቅር፣ «በርታ» በቦታው ይተካ የሚል ሕግ ማውጣታችን አይደለም። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ትጋትን የማጉላት ዘዴ በየቦታው እኩል ፍሬ እንደማያፈራ አሳይተዋል። ደግሞስ ላልተጋ ልጅ «ትጋትህ ደስ አሰኘኝ» ማለት ሐሰት አይደለምን?

ለደካማው ልጅ ማጋነንስ? ርኅራኄ ስለሚመስል ብዙዎቻችንን የሚፈትነን ይህ ነው። ኤዲ ብሩመልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳስረዱት፣ አዋቂዎች የተጋነነ ምስጋና አብዝተው የሚሰጡት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ላላቸው ልጆች ነው፤ እነዚሁ ልጆች ግን ሲጋነንላቸው ከባድ ሥራን ይሸሻሉ። ለምን ቢባል፣ የተሰጣቸውን ስም እንደገና ማግኘት እንደማይችሉ ስለሚፈሩ ይመስለናል።

እንግዲህ ምስጋና ማለት ምስክርነት ነው እንላለን፤ ምስክር ደግሞ ያላየውን አይናገርም። ስለዚህ የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ ማየት ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ይህ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን በየቀኑ ሁሉንም ከማስጨብጨብ ይልቅ በሳምንት የአራት ወይም የአምስት ልጆችን ደብተር በጥሞና አይቶ፣ «ሁለተኛው መልስሽ ምክንያቱን ስለጨመርሽበት ከመጀመሪያው ይልቅ ግልጽ ነው» ብሎ በኅዳጉ መጻፍ ይቻላል። ልጅቷ ከዚህ ምን መድገም እንዳለባት ታውቃለች።

በዓመቱ መጨረሻ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ብቻ የሚጠሩበት ሥነ ሥርዓትም ቢታሰብበት መልካም ነው። በመክሊቱ ምሳሌ (ማቴ. 25) አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው ከጌታቸው የሰሙት የምስጋና ቃል አንድ ዓይነት ነው፤ የተነገራቸውም ሒሳቡ ከታየ በኋላ ነው።

የሚከብደው በእውነት ደክሞ የወደቀው ልጅ ነው። እርሱን «በርታ» ማለት፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ለሚል ሰው ሸክም መጨመር ይሆንበታል። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ የፈተና ወረቀቱን ይግለጥ፤ እስከ የትኛው መስመር ድረስ ትክክል እንደ ሄደ በጣቱ ያሳየው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም አብረው ይሥሩት።