የማንም ያልሆነው ውሻ

 

ፒያሳ፣ ብዙዎቻችን በኒ እያልን በምንጠራው ኑር መስጂድ፣ ጁምዓ ሰግዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን አይታችኋል። ሶላት አልቆ ሕዝቡ ወደ መንገድ ሲወጣ አንድ ውሻ ግድግዳ ተጠግቶ ተኝቷል። ወንዱ ሱሪውን፣ ሴቷ ጂልባቧን ሰብሰብ አድርገው በሩቁ ያልፋሉ። አንዱ ድንጋይ የሚያነሳ መስሎ ጎንበስ ሲል ውሻው ብድግ ብሎ ይሸሻል። ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። "ይሄ የማን ውሻ ነው?" የሚል ሰው ግን የለም።

የዛሬ ጥያቄዬ እሱ ነው። ያላሳደግነው፣ ያልነካነው፣ በራችን ላይ ያላሰርነው ውሻ ታሞ የሰው ልጅ ቢነክስ፣ እኛ አላህ ፊት የምንጠየቅበት ነገር ይኖራል?

እኔ ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከኪታብ አይደለም። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ወደ ቁርኣን ቤት ስሄድ አንድ የማላውቀው ውሻ ከኋላ መጥቶ ባቴን ነከሰኝ። አልጮኸም፣ አላባረረኝም፤ ነክሶኝ መንገዱን ቀጠለ። ቁስሉ ትንሽ ነበር። ያስፈራኝም ቁስሉ አልነበረም። የፈራሁት "ውሻ ነክቶህ እንዴት ቁርኣን ቤት ትገባለህ?" መባልን ነው። ቧንቧ ስር ሄጄ እግሬን በአፈር አሸሁት፣ እየቆጠርኩ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ ሱሪዬን ወደ ታች ሳብኩና ገባሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከነጃሳው ጠርቻለሁ፤ በኔ ቤት ጉዳዩ አልቋል።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን፣ ክርስቲያን እናት ናቸው፣ እናቴ ጋ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳነክስ አዩኝ። ጠርተው ሱሪዬን ሰበሰቡት። "ይሄ የውሻ ጥርስ አይደለም እንዴ?" አሏት እናቴን። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ፤ ከእናቴ ጋር እየጎተቱ ጉለሌ፣ ፓስተር ወሰዱኝ። በዚያ ዘመን ክትባቱ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፣ ከአስር ቀን በላይ በተከታታይ። እናቴ እዚያ የነበረችው ነርስ ያለቻትን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ብትመጡ ኖሮ የምንሰጠው ነገር አይኖረንም ነበር ብላታለች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሰፈሩ ሰዎች ተመካከሩና አንድ ማታ መርዝ ያለበት ሥጋ በየጥጉ ጣሉ። ጠዋት የሞቱትን ውሾች ስናይ የነከሰኝ ከመካከላቸው አልነበረም። ቡላ ግን ነበር። ቡላ የሰፈሩ ውሻ ነው፤ ከየቤቱ ትራፊ እየበላ ሌሊት የሁሉንም በር የሚጠብቅ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባል የለ? ቡላ ለሁላችንም ሲጮኽ ነው የኖረው። ማንንም ነክሶ አያውቅም። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ የማናውቃቸው ሌሎች ውሾች ከማዶ መጥተው ቦታውን ያዙት። ሥጋት ቀነሰ ተብሎ ቡላ ሞተ፤ ሥጋቱ ግን እዚያው ነበር።

አሁን በሽታውን እንወቀው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት፣ ወይም የተላጠ ቆዳ ሲላስ ይገባል። ከዚያ ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ ይረዝማል። አንጎል ደርሶ ሰውየው ውኃ መፍራት፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በትክክል ከታከመ የሚሞት የለም ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ገዳይ ሆኖ ይህን ያህል መከላከል የሚቻል በሽታ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ያሳያል፤ ከመቶ 99 ያህሉ ሰዎች የሚያዙት ከውሻ ነው። ከሟቾቹ 40 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ለእናት ለመናገር የሚፈሩ ልጆች ማለት ነው።

ለከተማችንም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመቷ፣ በነሐሴ 1895፣ በሽታው በብዙ ሰፈሮቿ መዛመቱ ተመዝግቧል። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። ታዲያ ለምን አልለቀቀንም? ሦስት ሰበቦች ስላሉን ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሰበብ "ነጃሳ ነው" የሚለው ነው። የጠሃራን ሕግ የማቃልል እንዳይመስላችሁ። በሻፊዒ መዝሀብ ያደግን ብዙዎቻችን ሕጉን እናውቃለን፤ የማሊኪ መዝሀብ የተለየ እይታ እንዳለውም ኡስታዞቻችን ያስተምሩናል። ግን ሕጉ ልብሳችንንና ዕቃችንን እንድናጥብ እንጂ ልባችንን እንድናጥብ አላለንም። በበረሃ ጉድጓድ ገብቶ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው ታሪክ የነገሩን ራሳቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። አላህ ያንን ሥራውን ተቀብሎ ወንጀሉን ማረለት። ሰውየው ውሻውን ቤቱ አላስገባውም፤ መጠማቱን ግን አይቶ አላለፈውም። ውሻን አለመንካት እና የውሻን ጉዳይ አለመንካት ለየቅል ናቸው። እኔ በልጅነቴ የቀላቀልኩት ይህን ነበር። ስለ ንጽህና ተምሬ ነበር፤ ስለ ንክሻ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ሰበብ "ባለቤት የለውም" የሚለው ነው። የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቅል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ትእዛዙ የተሰጠው ለባለቤቱ ነው። ባለቤት ለሌለውስ ማን ይታዘዝ? እስቲ ቡላን አስቡት። የማንም አልነበረም፤ ግን ያልመገበው ቤት አልነበረም። ሌባ ሲመጣ የሁላችን ነበር፤ በሽታ ሲመጣ የማንም ሆነ። ጥቅሙን እየተካፈልን ኃላፊነቱን ሜዳ ላይ የምንጥል ከሆነ ፍትሕ አይደለም።

እዚህ ላይ ፈርድ ኪፋያን አስታውሱ። ጀናዛ ላይ በቂ ሰው ከሰገደ ከሌላው ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልሰገደ ግን የሚያውቅ ሁሉ ይጠየቅበታል። ፈትዋ እየሰጠሁ አይደለም፤ ፈትዋ የዑለሞች ነው። ግን ተመሳሳይነቱን ልብ በሉ። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል፤ ያልተከተቡት ውሾችና እኛም በነሱ ከለላ እንተርፋለን። በቂ ሰው ከሠራው ሁሉም ይድናል። ማንም ካልሠራው የማን ልጅ እንደሚነከስ አይታወቅም።

መርዝ ግን ይህን አይሠራም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይገድላል፤ የለቀቁትንም ቦታ ከሌላ የመጡ፣ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። "የሚናከስ ውሻ መግደል ተፈቅዷል እኮ" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አዎ፣ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን የሚናከሰው ነው። ቡላ ማንን ነከሰ? ከዚህ ሌላ ጎዳና ላይ የተጣለ መርዝ ድመቱንም፣ አሞራውንም፣ የሚጫወተውን ልጅም አይለይም።

ሦስተኛው ሰበብ "የተጻፈ አይቀርም" የሚለው ነው። በቀደር እናምናለን፤ አልሐምዱሊላህ። ግን በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ ላይ ሰምተው ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ የግመል እረኛ ምሳሌ አመጡ። አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎችህን በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው፤ የመምረጡ ኃላፊነት ግን ያንተ ነው የሚል መንፈስ ያለው ምሳሌ ነው። ክትባትም ከቀደር ነው። ጎረቤታችን ሱሪዬን ገልጠው ማየታቸውም ከቀደር ነበር።

ይህን ትምህርት በቅርቡም ቀምሰነዋል። ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ በዕለተ ጁምዓ ነበር። የዚያ ቫይረስ የቅርብ ዘመዶች የተገኙት በሌሊት ወፎች ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከፒያሳ አፍንጫ ሥር የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ የዚያን ዓመት ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን። ስለ ሩቅ እንስሳ "ምን አገባኝ" ማለት እንደማያዋጣ ያኔ መስጂዳችን ሲዘጋ አየን። አባ ሰንጋም፣ ባልፈላ ወተት የሚመጣው የከብት ነቀርሳም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። የእንስሳው ጤናና የእኛ ጤና አንድ ገመድ ነው።

ገመዱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይስባል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ውጭ የትም የለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ አለቁ። ያንን በሽታ ወደ ተራራው የወሰዱት ሰው ያሳደጋቸው ያልተከተቡ ውሾች ናቸው። ሁልጊዜ "እንስሳ በሽታ አመጣብን" እንላለን። ቀይ ቀበሮ አፍ ቢኖረው ምን ይል ነበር?

ወደ ፒያሳ ልመልሳችሁ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላንና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሲሄድ የድሮ ቤታችንን ለማየት ሄጄ ነበር። በሩ የለም፣ ግድግዳው የለም። ፍርስራሹ ላይ ሁለት ውሾች በር የነበረበት ቦታ ተኝተዋል። ሲመግባቸው የነበረው ሰፈር ተበትኗል፤ እነሱ ግን አሁንም የሚጠብቁት ይመስላሉ። ትራፊ የሚጥልላቸው፣ መልካቸውን የሚያውቅ፣ ጠባያቸው ሲለወጥ "ይሄ ውሻ ዛሬ ምን ሆኗል?" የሚል ሰው የለም። በሽታ የሚወደው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቦታ ነው፣ ማንም ማንንም የማያውቅበትን። እኔን ያዳነኝ ክትባቱ ብቻ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ሲያነክስ ያየ ዓይን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ "ውሻ ከነከሰህ፣ ከቧጨረህ፣ ቁስልህን ከላሰህ ወዲያው ንገረን፤ ማንም አይቆጣህም" በሏቸው። ቁርኣን ቤት የምታስተምሩ ደግሞ የጠሃራን ትምህርት ስትሰጡ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጨምሩባት።

ሁለተኛ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። አፈር ቁስል ላይ አይደረግም፤ የጠሃራውን ጥያቄ ከሕክምናው በኋላ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ፤ ክትባቱን ሐኪሙ እስኪያስቆመው ድረስ አያቋርጥ። ዛሬ እንደኔ ጊዜ ሆድ ላይ አይደለም፤ ክንድ ላይ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ ውሻ ያለው ጎረቤት ካላችሁ በየዓመቱ ማስከተቡን ጠይቁ፤ አቅም ካጠረው አግዙት። ለሰፈር ውሻም አምስት ስድስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ የእንስሳት ሐኪም ማምጣት ትችላላችሁ። ውሻውን መንካት አይጠበቅባችሁም። ያ ሰውዬም ውኃውን ያጠጣው በጫማው ነበር።

አራተኛ፣ በየጥጉ የሚጣል ቆሻሻና የሥጋ ትራፊ ውሾችን ሰብስቦ ያናክሳል። በራችሁን አጽዱ።

ጁምዓ ሰግዳችሁ ስትወጡ ያ ውሻ ግድግዳው ጥግ ተኝቶ ታገኙት ይሆናል። ልብሳችሁን ሰብስባችሁ እለፉ፤ መብታችሁ ነው። ግን ስታልፉ አንድ ጊዜ በደንብ እዩት። ጤነኛ ነው? ተከትቧል? የሚያውቀው ሰው አለ? መልስ ካጣችሁ፣ ውሻው በከፊል የእናንተ ነው።

አላህ ከክፉ በሽታ ይጠብቀን፣ ለፍጡራኑ የምንራራ ያድርገን፣ የዚያችን ጎረቤታችንን ውለታም ይክፈልልን። አሚን።