የመካሪ ድርሻና የተመካሪ ድርሻ
ስለ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ምርጫ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገርና የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲታወቅ፣ በየቤታችንና በየቁምስናችን «ልጁ ምን ያጥና?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውን የሚያነሣው ተማሪው ብቻ አይደለም። አባት ያነሣዋል፣ አጎት ያነሣዋል፣ ጎረቤትም ያነሣዋል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳዩ ወጣቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወደሚያውቀው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይደርሳል። ሁሉም የሚመክረው ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም መካሪ በበዛበት ስፍራ ውሳኔው የማን እንደ ሆነ ሊዘነጋ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ወጣትን የሚመክር ሰው ግዴታው ምንድን ነው? መብቱስ እስከ ምን ድረስ ይደርሳል?

አበው «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ለንጉሥ ምክር ካስፈለገው፣ ከወላጆቹ ቤት ርቆ ለማያውቅ የ18 ዓመት ወጣትማ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን! በሌላ በኩል «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል አነጋገር አለን። ይህ ሁለተኛው አነጋገር ጥፋቱን ሁሉ በተመካሪው ላይ ይጥላል፤ ምክሩ ትክክል ስለ መሆኑ ግን አይጠይቅም። ተመካሪው እሺ ብሎ፣ የተባለውን ሁሉ ፈጽሞ፣ መከራ ቢያገኘውስ? እዚህ ላይ የመካሪው ኃላፊነት ይጀምራል።

ኃላፊነቱ ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት ወጣቱ የሚገባበትን ሥርዓት ማየት ይበቃል። በሀገራችን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ በተለምዶ ፍሬሽማን የሚባለው፣ በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀምሯል። ተማሪው የትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት እንደ ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ያሉ ትምህርቶችን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምደባ ምርጫውን ብቻ ሳይሆን ውጤቱንና በየትምህርት ክፍሉ ያለውን ቦታ የተከተለ ነው። ስለዚህ «ፍሬሽማን ቀላል ነው፤ ዋናው ትምህርት በኋላ ይመጣል» ብሎ የሚመክር ሰው ሳያውቀው በር ይዘጋል፤ የኋለኛው ዕድል የሚለካው በእነዚያ ወራት ውጤት ነውና። ለመመረቅ አጠቃላይ አማካይ ውጤት ከ4.00 ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረትም ተማሪው የትምህርቱን ወጪ በከፊል ወደ ፊት እንደሚከፍል ውል ይፈርማል። ፊርማው የአባቱ አይደለም፣ የአጎቱም አይደለም፤ የራሱ ነው።

ከዚህ የመካሪውን የመጀመሪያ ግዴታ እንረዳለን፤ እርሱም ማወቅ ነው። ሕግ አምስት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ሕክምና ከዚያም እንደሚረዝም፣ አንዳንዱ ኮርስ ሌላው ሳይቀድመው እንደማይወሰድ ያልመረመረ ሰው ስለ እነዚህ ጉዳዮች ቢናገር የሚሰጠው አስተያየት እንጂ ምክር አይደለም። የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ብሎ ተማሪውን ወደ ትምህርት ክፍሉ፣ ወደ ሬጅስትራር ወይም ወደሚያውቅ ሰው ቢልከው ትልቅ አገልግሎት ፈጽሟል። ይህን ማለት ለመምህር ክብር የሚቀንስ አይደለም።

ትምህርት ሥርዓትና ቅደም ተከተል እንደሚያሻው ከቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሕይወት መማር እንችላለን። ኢግናጥዮስ ከወታደርነት ሕይወት ወጥቶ ትምህርት ሲጀምር ከሠላሳ ዓመት በላይ ነበረ፤ በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ላቲን ተማረ። ወደ አልካላ ዩኒቨርሲቲ በሄደ ጊዜ ግን ሎጂክን፣ ፊዚክስንና ነገረ መለኮትን በአንድ ጊዜ ያዘ፤ ከዚህም ያገኘው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1528 ፓሪስ ሲደርስ መሠረቱ እንደጎደለው ተገንዝቦ ከእርሱ እጅግ ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር እንደ ገና ወደ ላቲን ሰዋስው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፍልስፍናን በተራው ተምሮ፣ የማስተርነት ማዕረግ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1535 ፓሪስን ለቀቀ። ወደ ኋላ መመለሱ ያጣው ጊዜ ሳይሆን መልሶ ያገኘው ጊዜ ሆነለት። እርሱ የመሠረተው ማኅበር ለሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ።

የመካሪው ሁለተኛ ግዴታ ወሰኑን ማወቅ ነው። ይኸው ቅዱስ በመንፈሳዊ ልምምዱ መጽሐፍ ውስጥ፣ ልምምዱን የሚመራው ሰው ሌላውን ወደ አንዱ የሕይወት መንገድ እንዳይገፋ፣ ይልቁንም እንደ ሚዛን በመካከል እንዲቆም ያሳስባል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም አስተዋይነት ሦስት ተግባራት እንዳሉት ያስተምራል፤ እነርሱም መመካከር፣ መፍረድና ማዘዝ ናቸው። ሰው ሁሉ ከሌላው መማር እንደሚያስፈልገው ቶማስ አይዘነጋም። ነገር ግን ሦስቱን ለይተን ስንመለከት፣ የመጀመሪያውን ከብዙዎች ጋር ልንካፈለው ስንችል የኋለኞቹ ሁለቱ ሥራውን የሚሠራው ሰው ድርሻ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሌሊት ተቀምጦ የሚያጠናው፣ ከተመረቀም በኋላ በሙያው የሚኖረው ተማሪው ነውና።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ልጆች ነው። እኛ በሬ ሸጠን ያስተማርነው ልጅ ነገ ታናናሾቹን ሊረዳ ይገባዋል፤ ነፃ ምርጫ የሚባለውን ከየት እናምጣው?» የሚል ወላጅ አለ። ይህን ቃል በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። የቤተሰብ ችግር እውነት ነው፤ ወላጅን ማክበርም ግዴታ ነው። ስለዚህ ወላጅ ያለውን ችግር ለልጁ ሊነግረው ይገባል እንላለን፤ የሚመርጥ ሰው እውነቱን ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ክብደቱን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑን በእጅ መጫን ሌላ ነገር ነው። «ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው፤ አስብበት» የሚል አባት መክሯል። «ሕክምና ካልገባህ ልጄ አይደለህም» የሚል አባት ግን አስፈራርቷል። በፍርሃት የተመረጠ ትምህርት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተፈራውን ድህነት አያርቀውም፤ ልቡ የሌለበት ተማሪ ዓመታትን አባክኖ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላልና።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። የሒሳብ መሠረቱ የደከመ ወጣት ምሕንድስና ለመግባት ቢመኝ፣ እንዳናስከፋው ብለን «በርታ፣ ይሳካልሃል» ብቻ ማለት ነፃነቱን ማክበር አይደለም። ውጤቱን ከፊቱ አኑረን፣ ምን እንደ ጎደለው፣ ጉድለቱን ለመሙላት ስንት ጊዜ እንደሚያሻው፣ ባይሳካ ወደ የትኛው መስክ ሊዛወር እንደሚችል ልንነግረው ይገባል። እውነቱን ሰምቶ ከዚያ በኋላም ያንኑ ከመረጠ፣ ምርጫው የእርሱ ነው፤ እኛም ልንረዳው እንጂ መውደቁን ልንጠባበቅ አይገባንም።

ከሁሉም በላይ ምክር የሚያስፈልገው የመረጠውን ላላገኘው ተማሪ ነው። ምደባ የሀገርንም ፍላጎት ይከተላል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው መመሪያ ከመቶ 70 የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ዎቹ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እንዲገቡ ታስቦ ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር ብዙዎች ያላሰቡት መስክ ውስጥ ራሳቸውን ያገኛሉ። ለእንዲህ ያለው ወጣት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ከድካም የሚያድን አቋራጭ ነው። ይልቅስ የመዛወር ዕድል መኖሩን አብረነው እንመርምር፤ ከሌለም የተመደበበትን ትምህርት ለማን ሊጠቅምበት እንደሚችል እንዲያስብ እናግዘው። ሰው ያልመረጠውን ነገር አውቆና ፈቅዶ ሲቀበለው፣ ያም ነፃ ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ቁምስናዎቻችን ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ምደባ ከታወቀ በኋላ ባሉት እሑዶች ዩኒቨርሲቲ የቆዩ ወጣቶችን አዲስ ከሚገቡት ጋር ማገናኘት ይቻላል። ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች የመጡት ስለ ኮርሶቹ ክብደት፣ ስለ ምደባው አሠራር፣ ስለ ደረሰባቸውም ችግር በግልጽ ይናገሩ፤ ወላጆችም ተገኝተው ይስሙ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ከወጣቱ ጋር ለብቻው ተቀምጠው በመጀመሪያ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያድምጡ። ብዙ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ይህን ጥያቄ ከማንም አልሰሙትም።