ስለ በረደው ምስክር

በአቃቂ ቃሊቲ በቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው የታኅሣሥን ንጋት ያውቀዋል። ነገር ግን ጋቢ ይደርባል፥ እሳትም ያነዳል። በጠባብ ሣጥን ተዘግታ መድኃኒት የሚፈተንባት ነጭ አይጥ ከሰጧት ቤት በቀር መጠጊያ የላትም። ስለ ሰው ጤና ትመስክር ብለን ያሰርናትን ፍጥረት በብርድ ማቆየት ይገባልን?

ነገሩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም። አይጥ ያለ ጭንቅ የምትኖርበት ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ የምርመራ ቤቶች ግን ልብስ ለለበሰው ሠራተኛ የሚስማማውን፥ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ገደማ ያለውን ይመርጣሉ። በዚያም አይጢቱ ምግቧን ገላዋን ለማሞቅ ታቃጥለዋለች፥ ልቧም ይፈጥናል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ የሮዝዌል ፓርክ ሊቃውንት እንዳስታወቁት፥ በ30 ዲግሪ የኖሩት አይጦች ነቀርሳቸው በ22 ዲግሪ ከኖሩት ይልቅ በዝግታ አደገ፤ በሽታን የሚዋጉት የደም ሕዋሳትም በርትተው ተገኙ።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ወባ በያዛቸው ነጭ አይጦች ይፈትናሉ። ሰው በወባ ሲታመም ገላው ያተኩሳል፤ አይጥ ግን ትቀዘቅዛለች፤ ስለዚህ መርማሪው መድኃኒቱ ይህን መቀዝቀዝ መከልከሉን በቴርሞሜትር ይለካል። የክፍሉ ብርድ ቢደረብበት የበሽታውን ከብርዱ ማን ይለየዋል? መድኃኒት የጠጡትም ያልጠጡትም በአንድ ክፍል ስላሉ ብርዱ ለሁሉም እኩል ነው የሚል ይኖራል። እኩልነቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተራቡ ሰዎችን አታግሎ አሸናፊውን የለየ ሰው፥ ጠግበው ቢታገሉ ማን እንደሚረታ ገና አላወቀም። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ ይገሠጻል፤ በመዝገብ የተጻፈው ቁጥርም ሰም ነው።

ሰው ራሱ ከሰል አጥቶ በሚበርደው አገር ለአይጥ ምድጃ ይነድ ማለት ያስቃል የሚለኝም አይጠፋ። ምድጃ አላልሁም። ጭድ ወይም የተቆራረጠ ወረቀት ቢሰጧት እርሷው ጎጆ ትሠራለች፥ ሲሞቃትም ትወጣለች፤ የምታጠባ እናት በተለይ ሙቀት ሲበዛ ትጨነቃለችና ምርጫው የእርሷ ቢሆን ይሻላል። ለጥቅማችን ካደረግነው ምጽዋት አይባልም ቢሉኝ፥ እኔም ዕዳ እንጂ ምጽዋት አልለውም፤ ነፍሷን ወስደንባታልና። መርማሪውም የመድኃኒቱን ልክ በሚጽፍበት መዝገብ የክፍሉን የሌሊት ሙቀት አብሮ ይጻፍ።