ከክትክታው ሥር

ጉብሬ ላይ አንድ ሰው ያለ ምክንያት ልቡ ሲደልቅ፣ ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ጣቶቹ ደንዝዘው «ሞትኩ» ሲል ቶሎ የሚመከረው ጸበል ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም ዱዓ ያስደርጉለታል፣ ለዚያራ ወደ አብሬት ይወስዱታል። ስለ ኪኒን የሚነገረው ዘግይቶ፣ ያውም በሹክሹክታ ነው። እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ባለ 5 ሚሊግራም ዲያዜፓም የምወስድ፣ ኪዳን የማላስታጉል መምህርት ነኝ። የማኅበር እኅቶቼ «እምነቱ ካለሽ ኪኒኑ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት፤ እኔም ከልቤ ልመልስ።

ፍርሃቱ የጀመረኝ ታናሽ እኅቴን በቀበርን ሰሞን፣ ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ሜዳ ላይ ወረድኩ። ልብ ሕመም መስሎኝ ተመረመርኩ፤ ልቤ ደኅና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት በጥቂት ደቂቃ ይከርና አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን በራሱ ይበርዳል። የዋጡት ዲያዜፓም ግን ሥራውን እስኪጀምር ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑ ሳይደርስ ፍርሃቱ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚያ መሐል እኔ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ታዲያ ያረጋጋኝ ማነው? ኪኒኑ? ጸሎቱ? ወይስ ሰውነቴ ፍርሃቱን ጨርሶ? መለየት አልችልም፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ምስክርነት የትኛውንም ማመስገንም ሆነ መክሰስ አልፈልግም።

ጸሎትንና ኪኒንን የሚያፋልሙ ሰዎች ሳያውቁት ለሁለቱም አንድ ሥራ ሰጥተዋቸዋል፤ ቶሎ ማረጋጋት። እግዚአብሔር በሩብ ሰዓት የልብ ምት ከማብረድ ያለፈ ሥራ ከሌለው፣ ተፎካካሪው ሊዮ ስተርንባክ ነው ማለት ነው፤ በሮሽ ኩባንያ ይህን መድኃኒት የሠራውና በ1963 እ.ኤ.አ. ቫሊየም ተብሎ ለገበያ የቀረበለት ኬሚስት። በእንዲህ ያለ አምላክ አላምንም። ደግሞም ስተርንባክ እርጋታን ከባዶ አልፈጠረም። የነርቭን ጩኸት የሚያለዝብ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ራሱ ያመነጫል፤ ዲያዜፓም የዚያን ሥራ ያበረታል። ፈጣሪ በገላችን ያኖረውን ማገዝ ፈጣሪን መጠራጠር የሚሆነው በየት በኩል ነው?

እንጦጦ ማርያም ጸበል ይጠመቁ የነበሩ ሰዎችን አስባለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበሉ ጋር አይሄድም በሚባልበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለጭንቀት ኪኒን ግን ሰው ይህን ፈቃድ ገና ከልቡ አልሰጠም። እዚሁ ቅርባችን ቡታጅራ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አጥንተው 17 ከመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው አገኙ። የአገር ሽማግሌዎችና ሌሎች ነዋሪዎች ሲጠየቁ ደግሞ፣ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ባህላዊውን እንደሚመርጡ ተናገሩ። ይህ ድንበር በእኔ ላይ አልሠራም። ፍርሃቴ የደነዘዘ ጣት ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት ነው። በየትኛው ወገን ነው የምመዘገበው?

ከመጻሕፍት የሚያሳርፈኝ የኤልያስ ታሪክ ነው። ያ የእሳት ነቢይ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ሞቱን ለምኖ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ። ክትክታ እኛም አገር አለ፤ ታሪኩ ሩቅ የማይመስለኝ ለዚያም ይሆናል። መልአኩ ሲመጣ «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ መልሶ ሲተኛም አልተቆጣውም፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ስለ ነፍሱ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አርባ ቀንና ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። ሰማይ ራሱ ከገላው ጀመረ። ጌታችንስ በጌቴሴማኒ ተጨንቆ ላቡ እንደ ደም አልወረደምን? ከዚህ በኋላ ጭንቀትን ከክህደት የሚቆጥር ሰባኪ ልሰማ አልችልም።

ነገር ግን እንጎቻው ኮሬብ አይደለም። ዲያዜፓም ሲለምዱት ይይዛል፤ ለሳምንታት ወስደው በድንገት ቢያቆሙት ፍርሃቱ ብሶ ሊመለስ፣ ሰውነትም ሊንቀጠቀጥና ራስን ሊያስት ይችላል። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዳክማል። ጫት ቅሞ ማታ «ለመብረድ» ከጓደኛው ኪኒን የሚለምን ወጣት በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚያርፍበት ጥላ እንጂ የሚሄድበት መንገድ የነገረው የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ኪኒኑ መኖሩን ሳልዳስስ ከቤት መውጣት ሲያቅተኝ እኔም ለሐኪሜ ነገርኩት፤ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው።

እኅቴ ሁለት ልጆች ጥላ ለምን እንደሄደች ግን ኪኒን አይመልስልኝም። ያንን ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ፤ አንዳንዴ በልቅሶ፣ አንዳንዴ በቁጣ። ልቤ እየደለቀ ሳለ ይህን መጠየቅ አልችልም ነበር፤ ያን ጊዜ የምለው «አውጣኝ» ብቻ ነው። ለመጪው መስቀል ልጆቿን ለማየት እምድብር እሄዳለሁ፤ ክትፎውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ሚኒባሱን ያለ ኪኒን ልሞክረው አስቤያለሁ። ካቃተኝ ሐኪሜ ያዘዘልኝን ውጬ እደርሳለሁ።